ወደ የውብዳር ቤት የሄደችው ካሴት

የውብዳርን በደንብ አውቃታለሁ ብል እዋሻለሁ። በአንድ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ ዕድር ውስጥ አብረን ዓመታት ኖረናል፤ ቤቷ የገባሁት ግን በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። እናቷ ማን እንደነበሩ፣ ባል አግብታ ታውቅ እንደሆነ፣ ናይሮቢን ትውደዳት ትጥላት ጠይቄያት አላውቅም። ሰው ለመጠየቅ አፌ አይፈታም። ስለ እሷ ለመጻፍ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች እዚሁ ኪሊማኒ ውስጥ ሞልተዋል። እነሱ ግን አይጽፉም። እኔ ደግሞ የሆነውን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ስለዚህ ያየሁትን ያህል እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ባጎድል አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ሁላችንም የምንጠራት እትዬ የውብዳር እያልን ነው። በዚያን ጊዜ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 መሆኑ ነው፣ ገና አምሳ አልሞላትም ነበር። ረጅምና ቀጭን ናት፤ ነጠላዋን ክረምት ከበጋ አንገቷ ላይ ትጠመጥማለች። ለብርድ ብላ አልነበረም፤ እንቅርት ወጥቶባት ነበር። ሰው አንገቷን አይቶ ዓይኑን ሲሰብር ካየች፣ «አትፈር፣ እየው። ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ነው፤ ውጣ ብለው አልወጣም አለኝ» ትል ነበር።

እንጀራዋ ካሴት ነው። ከአገር ቤት የሚመጣውን የሠርግ፣ የክርስትና፣ የተዝካር ካሴት ወደ ዲስክ ትገለብጣለች። በእኛ ሰፈር አንድ ደንብ ነበር፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ከአገር ቤት የመጣ ካሴት ማንም ከማየቱ በፊት መጀመሪያ ወደ እትዬ የውብዳር ይሄዳል። አንድ ጊዜ የአንዲት ሙሽራ ካሴት ገና ሳይገለበጥ በማጫወቻ ተበልቶ፣ ልጅቷ ጥቁሩን ክር ከማሽኑ ውስጥ በእጇ እየጎተተች ስታለቅስ ሁሉም አይቷል። ከዚያ ወዲህ ደንቡን የሚጥስ አልነበረም። ካሴቶቹ በጋሽ ሐብተማርያም ምግብ ቤት ባንኮኒ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እዚያ የምትሠራው ውዴ በአንድ ከረጢት አድርጋ ትልክላታለች፤ ዲስኮቹ እሑድ ይመለሳሉ።

የውብዳር የምትኖረው ኤስኪው በሚሉት ቤት ነው፤ ከትልቁ ፎቅ ጀርባ ለቤት ሠራተኞች ተብሎ የሚሠራው ማለት ነው። ቆጣሪዋ ከባለቤቶቹ ጋር አንድ ላይ ነበር። የድሮው ኮምፒውተሯ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ ዘበኛውም ይሰማና «ማማ፣ ስቲማ!» እያለ በሯን ያንኳኳል። ስቲማ እዚህ መብራት ማለት ነው። የባሰው ግን በዚያው ዓመት መጣ። ዝናብ ጠፋ፣ ግድቦቹ ጎደሉ፣ መብራት በፈረቃ ሆነ። ኮምፒውተሩ ካሴት እየገለበጠ ድርግም ይላል። የአንድ ሙሽራ ቃል ኪዳን እኩሌታው ላይ ተቆርጦ ጠፋ። ያኔ ነው «ከመብራት ኃይል ጋር መጣላት ይብቃኝ» ብላ ራሷ ሌላ የሠራችው።

እኔ ያየሁት የልጄን የክርስትና ካሴት ይዤ የሄድኩ ቀን ነው። ጠረጴዛ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ጎንና ጎኑ በምስማር ተበሳስቷል፣ አንዲት አረንጓዴ መብራት ታበራለች። ድምፅ የለውም። አጠገቡ የመኪና ባትሪ አለ። በሩ ላይ ቆምኩና መግባት ፈራሁ።

«ግባ እንጂ፣ አይፈነዳም» አለችኝ። «ጎተራዬ ነው።»

ጎተራ ያለችው ሰርቨር የሚሉትን ነው፤ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ የሰውን ፋይል የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር። ቆርቆሮውን ከፍታ አሳየችኝ። ውስጡ ያለችው ማሽን ከወፍራም መጽሐፍ አትበልጥም። ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ይኖር የነበረ አንድ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሲገባ ከቢሮ ቁርጥራጭ ጋር አብራ ከገዛቻቸው ሁለት ማሽኖች አንዷ ናት። ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የላትም። ሙቀቷን ትንሽ እንዲያወጣላት የውብዳር ከአሮጌ የአሉሚኒየም ድስት ክዳን ቆርጣ ከላይ አስራላታለች።

«ትልቁ ኮምፒውተር ጌታ ነው» አለችኝ፤ «ሥራ ሲፈታም ይበላል። ይቺ ግን የአንድ አምፖል እራት አትጨርስም።»

ጎተራው ውስጥ ፋይሉን የምታስቀምጥባቸውን ሀርድ ዲስኮች ኢስትሊ ገበያ ሄዳ የገዛችው ሀጀራ ከምትባል የሱማሌ ነጋዴ ነው። ከተሰበሩ ላፕቶፖች የወጡ፣ መዳፍ የማያክሉ ነበሩ። ሀጀራ እየሳቀች «እህቴ፣ ሰው ሁሉ ትልቁን ስጪኝ ይለኛል፣ አንቺ ትንሹን ለምነሽ ትወስጃለሽ» ብላታለች። ትንሹን የፈለገችው ሲዞር የሚበላው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ነው። ሁለት ገዛች። ወደ አንዱ የሚገባው ሁሉ ወደ ሌላውም ይገባል። «አንዱ ቢሞት አንዱ ይናገራል» አለችኝ።

በባትሪው ጉዳይ ግን ተሳስታ እንደነበር አልደበቀችኝም። መጀመሪያ ባትሪውን ወደ ግድግዳ መብራት በሚቀይር ዕቃ በኩል ነበር ያገናኘችው። ባትሪው ቶሎ ቶሎ እየሞተ አስቸገራት። ኋላ ሲገባት ቀያሪው ዕቃ ራሱ ነበር የሚበላው። ማሽኗ የምትፈልገው አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ ባትሪውም የሚሰጠው አሥራ ሁለት ነው። «ውኃውን ተራራ አውጥቼ መልሼ ሜዳ አወርደው ነበር» አለች። ቀጥታ ስታገናኘው ደግሞ ባትሪው ኃይል እየተሞላ ሳለ ቮልቱ ከፍ ብሎ አንዷን ማሽን አጨሰባት። ሁለተኛዋን ያተረፈቻት መሐል ላይ ራሷ በይዳ ባስገባችው የቮልት ማስተካከያ ነው። ስክሪን የሚባል ነገር አልገጠመችላትም። ማዘዝ ስትፈልግ በአሮጌ ላፕቶፕ ጥቂት መስመር ጽፋ ላፕቶፑን ትዘጋለች። ካሴት ስትገለብጥም ማጫወቻውን በሽቦ አገናኝታ ትተወዋለች። ካሴቱ ይዞራል፣ ጎተራው ይቀበላል፣ እሷ ሌላ ሥራዋን ትሠራለች።

የልጄ ካሴት ላይ የጄነሬተር ጩኸት ስለነበረበት፣ እየተሽኮረመምኩ፣ ይጠራ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ይጠራል» አለች። «ግን ለማጥራት ስክሪን ከፍቼ፣ ጆሮዬን ደግኜ፣ አንዷን ነገር ደጋግሜ ደጋግሜ መስማት አለብኝ። ቀናት ይፈጃል፤ ባትሪዬንም ትጨርስብኛለህ። የልጅህን ስም ሲጠሩ ከተሰማ አይበቃህም?»

በቃኝ አልኳት።

ይህን ሁሉ ከየት እንደተማረች ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ከወንድሟ ነው። ይድነቃቸው ደሴ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ወላጆቻቸው ቶሎ ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሽቦ መበየድ ያስተማራት ገና ፊደል ሳትጨርስ ነው። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ይደዋወላሉ። ጎተራውን ሠርታ የነገረችው ቀን፣ «ኮምፒውተር በመኪና ባትሪ? በይ እንግዲህ መሪና ጎማ ግጠሚለትና ነድተሽው ነይ» ብሏት ሁለቱም እስኪያስላቸው ስቀዋል። ሌላ ዘመድ አላት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ይድነቃቸው የሞተው በሐምሌ ነው። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው የተገኘው። ሚስቱ የደወለችው ለጋሽ ሐብተማርያም ነበር፤ የዕድሩ ሊቀመንበር እሳቸው ናቸው። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ጠሩኝ። በምግብ ቤታቸው ጓዳ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሲነግሩኝ የድንች ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

መርዶ በእኛ ወግ ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቤቷ ድረስ ተሄዶ ይነገራል እንጂ በስልክ ዱብ አይደረግም። ያን ያውቃል ሁሉም። ችግሩ ሌላ ነበር። እንቅርቱ ወደ ውስጥ አድጎ የመተንፈሻ ቧንቧዋን መጫን ጀምሯል። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ቶሎ ይውጣ ብሏል፤ ግን የደም ግፊቷ ከፍ እያለ ቀጠሮዋ ተሰርዞ ያውቃል። አዲሱ ቀጠሮ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል።

«ብንነግራት ግፊቷ ይነሳል፣ አይቀድዷትም» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም። «ካልቀደዷት አንድ ቀን ትንፋሽ አጥሯት ትቀራለች። ባንነግራት ደግሞ ወንድሟ አፈር ለብሶ እሷ ትስቃለች።»

«ትሳቅ» አለ አንዱ ሽማግሌ። «የሳቀች ትድናለች።»

ተወሰነ። ተቀድዳ ቁስሏ እስኪሽር ማንም እንዳይተነፍስ። ለደሴም ተደወለ። ይድነቃቸው የት ነው ስትል ጸበል ገብቷል፣ ስልክ አይፈቀድም ትባል ተባለ።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስሜን ጠርታ ያዘችኝ። ልሸሽ ነበር።

«አገኘሁ፣ ጉድ ሰማህ? ይድነቃቸው ጸበል ገባ አሉኝ!»

«እ... እግዜር ይማረው» አልኩ። ይህን ብዬ ራሴ ደነገጥኩ፤ ለታመመም ለሞተም የሚባል ነው።

«ሰውዬው እኮ ውኃ ይፈራል! ገላውን የሚታጠበው ተለምኖ ነው። ደሴ ምን መጣባት?» ብላ ሳቀች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

እንዲህ እያለ ቀጠሮው ሲቃረብ ጓንጉል መጣ። ጓንጉል በሞያሌ በኩል ዕቃ የሚያመላልስ የደሴ ነጋዴ ነው፤ የይድነቃቸው ጎረቤት ነበር። ለቅሶውን በተዋሰው ካሜራ የቀረጸው እሱ ራሱ ነው። የውብዳር መርዶ ከተነገራት በኋላ እንድታየው ብላ ካሴቷን የላከችው የሟች ሚስት ናት። ምግብ ቤት ሲደርስ ጋሽ ሐብተማርያም አልነበሩም፤ ካሴቷን ለውዴ ሰጣት፣ «ለጋሼ ስጪልኝ፣ አደራ ናት» ብሎ። ምን እንደሆነች አልነገራትም። ካሴቷ ምን እንደያዘች ማታ ደውሎ ነገረን። በማግስቱ ጋሽ ሐብተማርያምና እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ተገናኘን።

«ውድዬ፣ ጓንጉል የሰጠሽ ካሴት የታለች?»

«ለእትዬ የውብዳር ላክኋት» አለች ውዴ፣ ሳህን እየደረደረች።

ጋሽ ሐብተማርያም የጎረሱት አልወርድ አላቸው። «ለማን?»

«ለእትዬ ነዋ! ትናንት፣ ከሌሎቹ ጋር። ምነው? ካሴት ለሌላ ለማን ይላካል?»

እውነቷን ነበር። ደንባችን ነው። ለሁሉም ካሴት የምናከብረውን ደንብ ለዚያች ለአንዷ አልሻርነውም፤ ያሰበውም የለም። የሰውየውን ለቅሶ፣ ከዓለም ሁሉ እሷ ብቻ እንዳታየው ወደተማማልንባት ሴት ቤት፣ በገዛ ከረጢታችን ልከናል። ውዴ ፊታችንን አይታ ሳህኑን አስቀመጠች። ስንነግራት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ወይኔ ጉዴ፣ ወይኔ ጉዴ» ትላለች፣ ድምፅ ሳታሰማ።

በእግራችን ነው የሄድነው። ጋሽ ሐብተማርያም ወፍራም ናቸው፣ ያን ቀን ግን ልደርስባቸው አልቻልኩም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይሉ ነበር፤ «ወድቃ ብናገኛትስ?»

አልወደቀችም። መብራት የጠፋበት ቀን ስለነበር በሯን ለብርሃን ከፍታ ምስር ትለቅማለች። ጠረጴዛው ሥር አረንጓዴዋ መብራት ትታያለች።

«ጋሽ ሐብተማርያም! ቤቴን ማን አሳየዎት? አገኘሁ ነው? እሱማ መንገድ መጠየቅ የሚያፍር ሰው!» ብላ ተነሳች። ፊቷን አየሁ። ምንም ልለይበት አልቻልኩም።

«አይ፣ ለካሴት ነው» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም። «ውዴ አንዷን በስሕተት... የአንድ ነጋዴ ናት። ይቸኩላል።»

«የጓንጉል?»

ጋሽ ሐብተማርያም የበሩን መቃን ያዙ። «ስሙን ማን ነገረሽ?»

«ላይዋ ላይ ጽፎባታል» አለችና ከከረጢቱ አውጥታ ሰጠቻቸው። «አልቃለች። ትናንት ነው ያስገባኋት። ጎተራ ገብታለች፣ ሁለቱም ላይ። ዲስኩ እሑድ ይደርሰዎታል።»

አታድርጊው ማለት አልቻልንም። ምን ብለን?

«እና... ጥሩ ነው? ሥዕሉ ማለቴ ነው...» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም።

«እኔ ምን አውቄ? ስክሪን ከፍቼ የሰው ሠርግ ሳይ ብውል ባትሪው ለማን ይተርፋል?» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች። «ሻይ ላፍላ?»

ሻይ አልጠጣንም። ግቢውን እንደወጣን ጋሽ ሐብተማርያም አማተቡ። «ሠርግ አለች! ሰማህ? ሠርግ! አላየችም፣ ተመስገን።» እኔም ተመስገን አልኩ።

እሑድ ዲስኩ ከሌሎቹ ጋር በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። ጋሽ ሐብተማርያም ማንም ሳይከፍተው ከካሴቷ ጋር ምግብ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ቁልፉን ከአንገታቸው ማተብ ጋር አሰሩት። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሆስፒታል የገባችው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ከሸኟት ውስጥ ነበርኩ። አልጋ ላይ ሆና ለጋሽ ሐብተማርያም፣ «ካልተነሳሁ ጎተራውን እንዳታጠፉት። የሰው ክርስትና ሁሉ እዚያ ነው። ባትሪው ውኃ ሲጎድልበት ሙሉለት፣ የተጣራውን፣ የቧንቧ እንዳታደርጉበት» አለቻቸው። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ግን እንደ ገበያ ነገር ነው ያወራችው። የደም ግፊቷን የለካችው ነርስ ቁጥሩን አይታ ደገመችው። ያ ሁሉ ጊዜ አልወርድ ያለው ግፊት ያን ጠዋት ወርዶ የልጅ ግፊት መስሎ ነበር። «ማማ፣ ምን በልተሽ ነው?» አለቻት ነርሷ። የውብዳር ትከሻዋን ነቀነቀች።

ዳነች። ድምፅዋ ግን ተመልሶ የበፊቱን አልሆነም፤ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ይመለሳል አለ።

ቁስሏ ሲደርቅ፣ አንድ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ሄድን። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። በሯን ያንኳኩት ጋሽ ሐብተማርያም ናቸው። ከፈተች፤ አየችን፤ አንድ በአንድ አየችን። ማንም በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለደግ እንደማይመጣ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

«የውብዳር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ። «ይድነቃቸው...»

ከዚያ በላይ አልተናገሩም። መሬት ላይ ወደቀች። አፏ ተከፈተ፣ ደረቷን መታች፣ ፀጉሯን ነጨች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ጉሮሮዋ ሊያወጣው አልቻለም። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛም እንዳላይ እለምናለሁ። ስለ እሷ የጮኹላት ሴቶቹ ናቸው። የፎቁ ሰዎች ሁሉ ወደ መስኮት ወጡ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ፣ በሐዘኑ መሐል፣ አንድ እፎይታ ተሰማኝ፤ አላወቀችም ነበር ማለት ነው አልኩ። እንዲህ የሚወድቅ ሰው አዲስ የሰማ ነው።

በሰልስቱ ሰው ቤቷን ሞላ። መብራት ነበር። ጋሽ ሐብተማርያም ቁልፉን ከማተባቸው ፈትተው ዲስኩን አመጡ። እንይላት ተባለ፤ ቴሌቪዥን ከጎረቤት መጣ። የውብዳር ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳለች።

የደሴው ግቢ ታየ። ድንኳን፣ ሰው፣ የይድነቃቸው ፎቶ። አልቃሿ ስታወጣ እያንዳንዱ ቃል ይሰማ ነበር፦

«ሽቦ ቀጣይዋ እህትህ የት አለች፣
ያንተ ሲበጠስ ምነው ሳትሰማ ቀረች።»

ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። ለለቅሶው የመጣው ጓንጉል ግን በሩ ጋ ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል።

«ኧረ ይሄ የኔ አይደለም» አለ።

«እንዴት ያንተ አይደለም? አንተ አይደለህ ያነሳኸው?» አለችው ውዴ።

«ያነሳሁትማ እኔ ነኝ። ግን እንዲህ አልነበረም! ያን ቀን ነፋስ ነበር፤ ድምፁ ሁሉ ሹሹሹ ነው፣ አልቃሿን እኔ ራሴ አልሰማኋትም። ፀሐይ ከጀርባቸው ስለነበረች ፊታቸውም ከሰል መስሎ ነበር። አሁን የልጆቹ እንባ ሳይቀር ይታያል! ማነው ያጠራው? እጁ ይባረክ። ስንት ቀን ተቀምጦበት ይሆን?»

ጓንጉል ክፋት አስቦ አልነበረም፤ ማመስገኑ ነበር። ውዴ እጇ አፏ ላይ ሄደ። ጋሽ ሐብተማርያም እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን አየሁ። ዲስኩ ከሆስፒታሉ በፊት ጀምሮ ተቆልፎበት ነበር፤ ማንም አልነካውም። ድምፅ ማጥራት ደግሞ ምስር እየለቀሙ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ስክሪን ከፍቶ፣ ጆሮ ደግኖ፣ አንዷን ነገር ደጋግሞ ደጋግሞ መስማት ነው። ያቺን ግጥም፣ ያቺን እሷን የምትጠራውን፣ ከነፋሱ ለይቶ ለማውጣት ስንት ጊዜ ሰምታት ይሆን? ከዚያ በኋላ ነው አልጋ ላይ ወጥታ ስለ ባትሪ ውኃ ያወራችው። ከዚያ በኋላ ነው በሩን ከፍታ እስክንነግራት የጠበቀችን።

የውብዳር ከነጠላዋ ሥር ቀና አላለችም።

ሰዉ ወደ ማታ ሲበተን እኔ ወንበር ለመሰብሰብ ቀረሁ። ልውጣ ብዬ በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ከጠረጴዛው አጠገብ ጎንበስ ብላ የባትሪውን ሽቦ ታጠብቃለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«አንተ?» አለች በዚያ ሹክሹክታዋ። «አንተ ትጠይቃለህ? በል።»

«ሆስፒታል ስትገቢ... ታውቂ ነበር?»

ሽቦውን አጥብቃ ጨረሰች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም።

«ይሄን አልመልስልህም፣ አገኘሁ» አለችኝ።